ፎርማት ከማድረግ በፊት፦ በሊኑክስ ላይ ፕሮግራም አልጫን ሲል

አዲስ አበባ ውስጥ ኮምፒውተር አስቸገረ ሲባል ከሁሉ ቀድሞ የሚሰማው ምክር «ፎርማት ይደረግ» የሚለው ነው። ይህ ምክር ከዊንዶውስ ጋር አብሮን የኖረ በመሆኑ፣ ሊኑክስን በቅርቡ የጀመረ ሰውም አንድ ፕሮግራም አልጫን ባለው ቁጥር ላፕቶፑን ተሸክሞ ወደ ጥገና ሱቅ ይሄዳል፤ ሲመለስም ብዙ ጊዜ ሊኑክሱ ጠፍቶ፣ ፋይሎቹም አብረው ሄደው ያገኘዋል። ፒያሳ አካባቢ በምሠራበት ቢሮ የባልደረቦቼንና የልጆቻቸውን ላፕቶፕ መመልከት ከጀመርኩ ብዙ ጊዜ ሆኖኛል፤ በዚህ ሁሉ ጊዜ ፎርማት ካልተደረገ በቀር የማይፈታ የመጫን ችግር አንድም አላጋጠመኝም። ያጋጠሙኝ ችግሮች ጥቂት ዓይነት ናቸው፤ አብዛኞቹንም ኮምፒውተሩ ራሱ በስክሪኑ ላይ በግልጽ ጽፏቸው ባለቤቱ ግን ሳያነባቸው አልፏል።

የምጽፈው በተለይ ለኡቡንቱና ለሊኑክስ ሚንት ተጠቃሚዎች ነው። ሁለቱም እ.ኤ.አ. በ1993 ከተጀመረው ከዴቢያን የተወለዱ በመሆናቸው ፕሮግራም የሚጭኑበት መንገድ በመሠረቱ አንድ ነው። ትእዛዞቹን እዚህ በፊደላችን የማስቀምጣቸው እንዴት እንደሚነበቡ ለማሳየት ነው፤ ወደ ኮምፒውተሩ ሲገቡ ግን በላቲን ትንንሽ ፊደላት ይጻፋሉ። ትእዛዙ በአስተዳዳሪ ሥልጣን እንዲፈጸም የሚያደርገው ሱዶ ሲባል ኤስ፣ ዩ፣ ዲ፣ ኦ ነው፤ ፕሮግራም አውርዶ የሚጭነው መሣሪያ አፕት ሲባል ኤ፣ ፒ፣ ቲ ነው። በቃላቱ መካከል ያለው ክፍት ቦታ የትእዛዙ አካል ስለሆነ አንዱም ሊዘለል አይገባም።

መልእክቱ የት ነው ያለው?

አዲስ ተጠቃሚ ብዙውን ጊዜ ፕሮግራም የሚጭነው የመተግበሪያ ማዕከሉን ከፍቶ በመጫን ነው። ይህ ሲሳካ ጥሩ ነው፤ ሳይሳካ ሲቀር ግን መስኮቱ «አልተሳካም» ከማለት ያለፈ ምክንያት ላይሰጥ ይችላል። ስለዚህ የመጀመሪያው እርምጃ ኮንትሮል፣ ኦልትና ቲን በአንድ ላይ ተጭኖ ተርሚናል (ትእዛዝ በጽሑፍ የሚሰጥበትን መስኮት) መክፈትና ያንኑ ፕሮግራም ከዚያ ለመጫን መሞከር ነው። ለምሳሌ አቢሲኒካ የተባለውን የግእዝ ፊደል ለመጫን የሚጻፈው «ሱዶ አፕት ኢንስቶል ፎንትስ-ሲል-አቢሲኒካ» የሚል ነው።

ከዚያ በኋላ ብዙ መስመር ጽሑፍ ይወርዳል፤ ሁሉንም ማንበብ ግን አያስፈልግም። በላቲኑ ኢ ፊደልና በሁለት ነጥብ የሚጀምረው መስመር ስህተትን፣ በደብልዩ የሚጀምረው ማስጠንቀቂያን ይናገራል። የስህተት መስመሮች በርከት ብለው ሲደረደሩ ትኩረት የሚገባው የመጀመሪያው ነው፤ የታችኞቹ አብዛኛውን ጊዜ የእርሱ ውጤቶች ናቸው። ሰዎች ግን ዓይናቸው በመጨረሻው መስመር ላይ ስለሚያርፍ ከውጤቱ ጋር ሲታገሉ ይውላሉ።

እዚህ ላይ ሁለት ትንንሽ ነገሮች ብዙ ሰው ያደናግራሉ። አንደኛው የይለፍ ቃል ነው፤ በአብዛኞቹ የኡቡንቱ ቅጂዎች ሱዶ የይለፍ ቃል ሲጠይቅ የሚጻፈው ፊደል ቀርቶ ኮከብ እንኳ በስክሪኑ ላይ አይታይም፤ ጽፈው ኢንተር መጫን ብቻ ነው። ሁለተኛው የቁልፍ ሰሌዳው ቋንቋ ነው። ኮምፒውተሩን አማርኛ እንዲጽፍ ያዘጋጀ ሰው ቋንቋውን ወደ እንግሊዝኛ ሳይመልስ ትእዛዝ ሲጽፍ ተርሚናሉ ላይ የሚወጣው በፊደላችን የተጻፈ «ሱዶ» ይሆናል፤ ተርሚናሉም «ኮማንድ ኖት ፋውንድ» ብሎ እንዲህ ያለ ትእዛዝ እንደሌለ ይመልሳል። የይለፍ ቃል በሚጠየቅበት ጊዜማ የሚጻፈው ስለማይታይ ስህተቱን ለማወቅ ይበልጥ ያስቸግራል፤ ትክክለኛው ቃል ሦስት ጊዜ ተጽፎ ሦስት ጊዜ ይጣላል። በኡቡንቱ የዊንዶውስ ምልክት ያለበትን ቁልፍ ከስፔስ ጋር ሲጫኑ ቋንቋው ይቀየራል፤ የይለፍ ቃል አልቀበል ሲል መጀመሪያ መታየት ያለበት ይህ ነው።

መልእክቱን ኮፒ ለማድረግ ደግሞ በተርሚናል ውስጥ ኮንትሮል፣ ሺፍትና ሲ ነው የሚጫኑት። ሺፍት ሲቀር ኮንትሮልና ሲ በመካሄድ ላይ ያለውን ሥራ ስለሚያቋርጥ፣ መጫን ላይ ያለ ፕሮግራም መሐል ላይ ይቆማል።

ሙሉ ምልክት፣ ባዶ ዳታ

በከተማችን የብዙ ሰው ላፕቶፕ ኢንተርኔት የሚያገኘው ከስልክ ሆትስፖት ነው። የሚያሳስተው ነገር፣ በላፕቶፑ ላይ ያለው የዋይፋይ ምልክት የሚናገረው በላፕቶፑና በስልኩ መካከል ስላለው ግንኙነት ብቻ መሆኑ ነው፤ የዳታ ጥቅሉ ካለቀ በኋላም ምልክቱ ሙሉ ሆኖ ይቆያል። ያን ጊዜ አፕት «ቴምፖራሪ ፌይለር ሪዞልቪንግ» ብሎ የአንድ ሰርቨር ስም ያስከትላል፤ ይህም «የዚህን ሰርቨር አድራሻ ለጊዜው ላገኝ አልቻልኩም» ማለት ነው። ፕሮግራሙም ሊኑክሱም ደህና ናቸው። ይህን መልእክት ያየ ሰው ምንም ነገር ከመነካካቱ በፊት በስልኩ ላይ ቀሪ ዳታውን ይመልከት።

ዳታው ካለ ቀጥሎ የሚደረገው «ፒንግ ሰረዝ-ሲ 3 8.8.8.8» ብሎ መጻፍ ነው። መልስ ከመጣ ኢንተርኔቱ ይሠራል፤ የጎደለው የሰርቨሮችን ስም ወደ ቁጥር አድራሻ የሚቀይረው ዲኤንኤስ የተባለው አገልግሎት ነው። ብዙ ጊዜ ግንኙነቱን አቋርጦ እንደገና ማገናኘት ያስተካክለዋል፤ ካላስተካከለ በኔትወርኩ ማስተካከያ ውስጥ ዲኤንኤስ በሚለው ቦታ ይህንኑ 8.8.8.8 ማስገባት ይበቃል።

በካፌና በሆቴል ዋይፋይ የሚያጋጥመው ችግር ለየት ይላል። ካዛንቺስ ወይም ፒያሳ ያለ ካፌ ገብተው ዋይፋዩን ሲይዙ፣ ብራውዘር ከፍተው በአንድ ገጽ ላይ ስልክ ቁጥር ወይም ኮድ እስኪያስገቡ ድረስ ኔትወርኩ ወደ ውጭ አያሳልፍም፤ የሚጠይቁትን ሁሉ ወደዚያው ገጽ ይመልሰዋል። አፕት የፓኬጅ (ለመጫን የተዘጋጀ የፕሮግራም ጥቅል) ዝርዝር ሲጠይቅ የካፌው የመግቢያ ገጽ ሲሰጠው ግራ ይገባውና «ክሊርሳይንድ ፋይል ኢዝንት ቫሊድ» ብሎ «ኖስፕሊት» የሚል ቃል ያክልበታል፤ በቅንፍም ኔትወርኩ መግቢያ ይጠይቅ እንደሆነ ያስታውሳል። ይህ ቅንፍ መልሱን ይዟል፤ ብራውዘር ከፍቶ የካፌውን መግቢያ ማጠናቀቅና ትእዛዙን መድገም በቂ ነው።

ዳታ በብር የሚገዛ ሰው ሌላም ሊያውቀው የሚገባ ነገር አለ። አፕት ብዙ ፋይል የሚጠይቅ ነገር ሊጭን ሲል መጀመሪያ ሁለት ቁጥሮች አሳይቶ «ልቀጥል?» ብሎ ይጠይቃል። የመጀመሪያው የሚወርደው መጠን ነው፤ ከጥቅሉ ላይ የሚቀነሰው ይህ ነው። ሁለተኛው ፕሮግራሙ ሲዘረጋ በሃርድ ዲስኩ ላይ የሚይዘው ቦታ ነው፤ ሁልጊዜም ማለት ይቻላል ከመጀመሪያው ይበልጣል። አንዲት የሥራ ባልደረባዬ ሁለተኛውን ቁጥር አይታ «ይህን ያህል ዳታ የለኝም» ብላ ለወራት የተወችው ፕሮግራም ሲወርድ የዚያን ሩብ እንኳ አልሞላም። መሐል ላይ ኔትወርክ ቢቋረጥም ያንኑ ትእዛዝ መድገም ነው፤ አፕት የወረደውን ክፍል አስቀምጦ ስለሚቆይ ከቆመበት ይቀጥላል፤ ዳታውም በከንቱ አይሄድም።

ፍላትፓክ የተባለው ሌላው የመጫኛ መንገድ ግን በዚህ ረገድ ጥንቃቄ ይፈልጋል። የመጀመሪያው ፕሮግራም ሲጫን የሚያስፈልገውን መሠረት ሁሉ አብሮ ስለሚያወርድ፣ ትንሽ የመሰለ ፕሮግራም በመቶዎች የሚቆጠር ሜጋባይት ሊጠይቅ ይችላል። ስናፕ የተባለው ሌላ የመጫኛ መንገድም ኡቡንቱ ውስጥ ፕሮግራሞቹን በየቀኑ በራሱ እየፈተሸ ያድሳል። በሆትስፖት የሚጠቀም ሰው በዋይፋዩ ዝርዝር ማስተካከያ ውስጥ ኔትወርኩ የዳታ ገደብ ያለው መሆኑን የሚገልጸውን ምልክት ቢያደርግበት የአፕት አውቶማቲክ እድሳት በአብዛኛው ይገታለታል፤ ስናፕ ግን ለብቻው እንዲገታ ካልታዘዘ ሊቀጥል ይችላል፤ ከዚያ ግን በሳምንት አንድ ቀን ራሱ ማደስ አለበት፤ የደህንነት እድሳት ሳይደረግ መክረም የለበትም።

የዋይፋይ ካርዱ ገና ሳይታወቅ ሲቀር ብዙዎች መውጫ የሌለው ይመስላቸዋል፤ ድራይቨሩን ለመጫን ኢንተርኔት ያስፈልጋል፣ ኢንተርኔቱን ለማግኘት ደግሞ ድራይቨሩ ያስፈልጋል። ስልኩን በቻርጀር ገመድ ከላፕቶፑ ጋር አገናኝቶ በስልኩ ማስተካከያ ውስጥ ዩኤስቢ ቴዘሪንግ የሚለውን መክፈት ይህን ቋጠሮ ይፈታዋል፤ ሊኑክስ አብዛኛውን የአንድሮይድ ስልክ ያለ ተጨማሪ ድራይቨር እንደ ኔትወርክ ካርድ ይቀበለዋል።

ሦስት ሰዓት ከሩብ

እኛ አገር ከሌላው ዓለም በተለየ የሚያጋጥመው ችግር የሰዓትና የዘመን አቆጣጠር ነው፤ በውጭ አገር ሰዎች በተጻፉ መመሪያዎች ውስጥ ስለማይገኝ እዚህ ሰፋ አድርጌ መጻፍ እፈልጋለሁ።

አንድ ጠዋት የአንድ ባልደረባዬ ልጅ፣ አምስት ኪሎ የምትማር ተማሪ፣ ላፕቶፗን ይዛ ቢሮ መጣች። ምንም ነገር አልጫን ብሏት ሁለት ቀን ሆኗታል፤ ጓደኞቿም ፎርማት አድርጊው ብለዋታል። ተርሚናል ከፍተን «ሱዶ አፕት አፕዴት» ስንል የመጣው የመጀመሪያ የስህተት መስመር «ሪሊዝ ፋይል ኢዝ ኖት ቫሊድ የት» የሚል ነበር፤ በቅንፍም ለተጨማሪ 4 ሰዓት ከ50 ደቂቃ እንደማይጸና ይናገራል። ሰዓቱን እንድታይ ስነግራት የግድግዳውንና የላፕቶፑን እያመሳከረች «ጋሼ፣ ልክ ነው እኮ፤ ሦስት ሰዓት ከሩብ ነው» አለችኝ። ላፕቶፑ ላይ የተጻፈው በእርግጥም 3:15 ነበር። ለእኛ ጠዋት ሦስት ሰዓት ከሩብ ነው፤ ለኮምፒውተሩ ግን ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ከሩብ ማለት ነው። መጀመሪያ 9:15 ይል የነበረውን ሰዓት የተሳሳተ መስሏት አውቶማቲኩን አጥፍታ በእኛ አቆጣጠር አስተካክላዋለች፤ በዚህም ላፕቶፑ ስድስት ሰዓት ወደኋላ ቀርቷል።

ይህ ለምን መጫንን እንደሚያግድ መረዳት ይጠቅማል። በሰርቨሩ ላይ ያለው የፓኬጅ ዝርዝር የተዘጋጀበት ሰዓት የተጻፈበትና ማኅተም ያለበት ሰነድ አለው። አፕት ሰነዱን ከኮምፒውተሩ ሰዓት ጋር ያመሳክራል፤ ሰነዱ ገና ባልደረሰ ሰዓት የተጻፈ ሆኖ ሲያገኘው ሐሰተኛ ሊሆን ይችላል ብሎ አይቀበለውም። የኡቡንቱ የእድሳት ዝርዝሮች በቀን ውስጥ ደጋግመው ስለሚታደሱ የስድስት ሰዓት ልዩነት ይበቃል። ዓመቱን በእኛ ዘመን የሞላ ሰው ችግሩ ይብስበታል፤ እ.ኤ.አ. በ2025 አጋማሽ 2017 ብሎ የሞላ ላፕቶፕ ራሱን ስምንት ዓመት ወደኋላ ስለሚያስብ በመልእክቱ ላይ የሚታየው ቀን በሺህ ይቆጠራል፤ ብራውዘሩም የድረ ገጾችን የደህንነት ምስክር ወረቀት ስለማያምን ብዙ ገጽ አይከፍትም።

መፍትሔው በማስተካከያው ውስጥ ቀንና ሰዓት የሚለውን ከፍቶ አውቶማቲክ ማድረግና የሰዓት ቀጠናውን አዲስ አበባ ብሎ መምረጥ ነው። ሰዓቱ በአውሮፓውያኑ አቆጣጠር ይቀመጥ፤ ስድስት ቀንሶ ማንበብ ለእኛ አይከብድም። ተማሪዋ ይህን አድርጋ ትእዛዙን ስትደግም ዝርዝሩ ያለ አንድ ስህተት ወረደ።

ሰዓቱ ተስተካክሎ ኮምፒውተሩ በጠፋ ቁጥር ወደ ድሮ ዓመት የሚመለስ ከሆነ ግን ጥፋቱ የሊኑክስ አይደለም። በማዘርቦርዱ ላይ ያለችው፣ በቁጥር 2032 የምትታወቀው ሳንቲም የመሰለች ባትሪ አልቃለች ማለት ነው። በሁለተኛ እጅ በሚገዙ አሮጌ ዴስክቶፖች ላይ ይህ የተለመደ ነው፤ ባትሪዋን መቀየር ቀላልና ርካሽ ነው።

መብራት ሲጠፋ

ሌላው የእኛ ከተማ ችግር መብራት ነው። ዩፒኤስ የሌለው ዴስክቶፕ ወይም ባትሪው የሞተ ላፕቶፕ ፕሮግራም በመጫን ላይ እያለ መብራት ሲጠፋ፣ በሚቀጥለው ጊዜ አዲስ ነገር ለመጫን ሲሞከር «ዲፒኬጂ ዋዝ ኢንተራፕትድ» የሚል መልእክት ይመጣል። ዲፒኬጂ ከአፕት ሥር ሆኖ ትክክለኛውን የመጫን ሥራ የሚሠራው መሣሪያ ነው፤ ሥራውም ሁለት ደረጃ አለው። መጀመሪያ የወረደውን ፓኬጅ ይፈታና ፋይሎቹን በየቦታቸው ያደርጋል፤ ቀጥሎ ፕሮግራሙን ከሥርዓቱ ጋር ያዋቅራል። መብራት በሁለቱ መካከል ከጠፋ ዕቃው ቤት ገብቶ ገና ቦታ ቦታውን ያልያዘ ይሆናል፤ ዲፒኬጂም ያ ሳይጠናቀቅ ሌላ ዕቃ አላስገባም ይላል። ይህን ማለቱ ትክክል ነው።

ደስ የሚለው፣ መልእክቱ የሚያስፈልገውን ትእዛዝ ራሱ ይጽፍልዎታል፤ «ሱዶ ዲፒኬጂ» ካለ በኋላ ክፍት ቦታ፣ ሁለት ሰረዝ ተከታትሎ «ኮንፊገር»፣ እንደገና ክፍት ቦታና አንድ ሰረዝ ከኤ ፊደል ጋር። ዲፒኬጂ ዲ፣ ፒ፣ ኬ፣ ጂ ተብሎ ነው የሚጻፈው። ይህ ትእዛዝ ተጀምረው የቀሩትን ሁሉ አዋቅሮ ይጨርሳል። ከዚያም የጎደለ ፋይል ካለ «ሱዶ አፕት»፣ ሁለት ሰረዝ፣ «ፊክስ-ብሮክን»፣ «ኢንስቶል» የሚለው ይሞላዋል። ሁለቱ ትእዛዞች በቅደም ተከተል ሲሰጡ በመብራት መጥፋት ምክንያት የተበላሸ መጫን በአብዛኛው በደቂቃዎች ውስጥ ይስተካከላል። ለእንዲህ ያለ ነገር ፎርማት የተደረጉ ኮምፒውተሮችን ሳስብ ከልብ ያሳዝነኛል፤ በተለይ የጠፋው ፋይል የመመረቂያ ጽሑፍ ሲሆን።

መብራት በተደጋጋሚ በሚጠፋበት ሰሞን ማውረዱንና መጫኑን መለየት ይጠቅማል። በ«ኢንስቶል» እና በፕሮግራሙ ስም መካከል ሁለት ሰረዝና «ዳውንሎድ-ኦንሊ» ሲጨመር አፕት ፋይሎቹን አውርዶ ብቻ ያስቀምጣቸዋል። ማውረዱ መሐል ላይ ቢቋረጥ ጉዳት የለውም። መብራቱ መርጋቱን ሲያረጋግጡ ያንኑ ትእዛዝ ያለዚህ ጭማሪ ይድገሙት፤ ፋይሎቹ ከዲስኩ ላይ ስለሚነሱ መጫኑ ፈጥኖ ያልቃል፤ ዳታም አይወስድም።

ከዚህ ጋር የሚምታታ ሌላ መልእክት አለ፤ «ኩድ ኖት ጌት ሎክ» ይላል። ይህ ሌላ የመጫን ሥራ እየተካሄደ ስለሆነ ተራ ጠብቁ ማለት ነው፤ ብዙ ጊዜ ኮምፒውተሩ እንደተከፈተ የደህንነት እድሳት በራሱ ስለሚጀምር ነው የሚከሰተው። መጠበቅ ነው። የመቆለፊያውን ፋይል አጥፉት የሚል ምክር በየቦታው ይገኛል፤ እኔ ግን አጥብቄ እቃወመዋለሁ፤ ሁለት የመጫን ሥራዎች በአንድ ጊዜ ከተካሄዱ የፓኬጆቹ መዝገብ ሊበላሽ ይችላል።

ስሙ ያልተገኘ ፕሮግራም

«አንኤብል ቱ ሎኬት ፓኬጅ» የሚለው መልእክት በዚህ ስም የሚታወቅ ፓኬጅ በዝርዝሬ ውስጥ የለም ማለት ነው። የመጀመሪያው ምክንያት የፊደል ስህተት ነው፤ የፓኬጅ ስም በትንንሽ ፊደላት ብቻ የሚጻፍ ሲሆን ሰረዞቹም የስሙ አካል ናቸው። ሁለተኛው ዝርዝሩ አለመታደሱ ነው፤ «ሱዶ አፕት አፕዴት» የሚባለው ለዚህ ነው። ስሙ ስለሚያሳስት ብዙዎች ፕሮግራሞቻቸውን የሚያድስባቸው እየመሰላቸው ይፈሩታል፤ ሥራው ግን ዝርዝሩን ማደስ ብቻ ነው፤ ፕሮግራሞቹን የሚያድሰው «አፕግሬድ» ነው። አዲስ በተጫነ ሥርዓት ላይ የመጀመሪያው አፕዴት በአሥር የሚቆጠር ሜጋባይት ሊወስድ ይችላል፤ ከዚያ በኋላ ያነሰ ይሆናል። ዝርዝሩ ሲያረጅ የሚመጣው ሌላው መልእክት 404 ነው፤ ዝርዝሩ የሚጠራው ፋይል በሰርቨሩ ላይ በአዲስ ተተክቷል ማለት ስለሆነ መድኃኒቱ ያው አፕዴት ነው።

አፕዴት ራሱ በእያንዳንዱ መስመር 404 የሚል ከሆነ ግን የጫኑት ቅጂ ዕድሜው አልፎ ሊሆን ይችላል። የኡቡንቱ ቅጂ ቁጥር የወጣበትን ዓመትና ወር ይናገራል፤ 24.04 ማለት እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 2024 ነው። በየሁለት ዓመቱ በዚህ ወር የሚወጡት ኤልቲኤስ የሚባሉት ቅጂዎች 5 ዓመት ሲታደሱ፣ በመካከል የሚወጡት 9 ወር ብቻ ይታደሳሉ። እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2023 የወጣው 23.10 በሐምሌ 2024 ድጋፉ ስላበቃ ፓኬጆቹ ከዋናው ሰርቨር ተነሥተው ወደ አሮጌ ቅጂዎች ማኖሪያ ተዛውረዋል። ከሰው ወይም ከሱቅ በፍላሽ ሊኑክስ የሚቀበል ሰው ስለዚህ ከሁሉ በፊት ቁጥሩን ይጠይቅ፤ ኤልቲኤስ ካልሆነ አይውሰድ።

ከድረ ገጽ የሚወርዱ ፋይሎች

ፋይሉ መጨረሻው ኢኤክስኢ ከሆነ ለዊንዶውስ የተሠራ ነው፤ በሊኑክስ እንዲሁ አይጫንም። በዴብ የሚያልቅ ከሆነ ለእነዚህ ሥርዓቶች የተሠራ ነው። በፋይሉ ስም ውስጥ ኤኤምዲ64 የሚል ተጽፎ ሲያዩ «የእኔ ኢንቴል ነው» ብለው የሚተዉት አሉ፤ ቃሉ የኤኤምዲንም የኢንቴልንም ባለ64 ቢት ፕሮሰሰሮች የሚመለከት ስለሆነ ለኢንቴልም ይሠራል። ፋይሉ ያለበትን ፎልደር በተርሚናል ከፍተው «ሱዶ አፕት ኢንስቶል» ካሉ በኋላ ከፋይሉ ስም በፊት ነጥብና ወደ ቀኝ ያጋደለ መስመር ያድርጉ፤ እነዚህ ካልቀደሙ አፕት ፋይሉን እዚያው ከመፈለግ ይልቅ ስሙን በዝርዝሩ ውስጥ ይፈልጋል። በቀጥታ በዲፒኬጂ መጫን ይቻላል፤ ነገር ግን ዲፒኬጂ ፕሮግራሙ የሚመረኮዝባቸውን ሌሎች ፓኬጆች አያመጣም።

«አንሜት ዲፔንደንሲስ» የሚለው መልእክት ሲመጣ ጥያቄው ባለፈው ሰሞን ከየት ምን ጨመሩ የሚል ነው። ብዙውን ጊዜ መነሻው ለሌላ የኡቡንቱ ቅጂ የተዘጋጀ የውጭ ሪፖዚተሪ (የፓኬጅ ማከማቻ) ነው፤ ፒፒኤ የሚባሉት የዚህ ዓይነት ናቸው። በሶፍትዌርና እድሳት ማስተካከያ ውስጥ ሌሎች ሶፍትዌሮች በሚለው ገጽ የተጨመሩት ሁሉ ስለሚታዩ፣ የማያውቁትን አጥፍተው ዝርዝሩን ያድሱ። ሚንት የሚጠቀም ሰው በተለይ ሚንቱ በየትኛው ኡቡንቱ ላይ እንደተመሠረተ ሳያውቅ ፒፒኤ ባይጨምር ጥሩ ነው።

ፓይተን የሚማሩ ተማሪዎች የፓይተን መጫኛ የሆነውን ፒፕ ሲጠቀሙ «ኤክስተርናሊ ማኔጅድ» የሚል መልእክት ያጋጥማቸዋል። ሥርዓቱ ራሱ የሚጠቀምበትን ፓይተን ከመበላሸት ለመጠበቅ የተደረገ ነው፤ በጉልበት ከማለፍ ይልቅ ቬንቭ በተባለው መሣሪያ ለሥራው የተለየ አካባቢ ፈጥሮ እዚያ ውስጥ መጫን ይገባል። ቦታ ሲያልቅ ደግሞ «ኖ ስፔስ ሌፍት» ይላል፤ «ዲኤፍ ሰረዝ-ኤች» የትኛው ክፍል እንደሞላ ያሳያል፤ «ሱዶ አፕት ክሊን» እና «ሱዶ አፕት አውቶሪሙቭ» የማያስፈልገውን ያጸዳሉ።

ሰው ሲጠይቁ

ይህ ሁሉ ተሞክሮ ካልሠራና የሚያውቅ ሰው መጠየቅ ካስፈለገ፣ በስልክ «አልጫን አለኝ» ብሎ መናገር ለተጠያቂው ምንም አይነግረውም። «ኤልኤስቢ_ሪሊዝ ሰረዝ-ኤ» የሚለው ትእዛዝ (በኤልኤስቢና በሪሊዝ መካከል ያለው የታች ሰረዝ ነው) የትኛውን ቅጂ እንደሚጠቀሙ ያሳያል፤ ቫር በተባለው ፎልደር ሥር ባለው የሎግ ፎልደር ውስጥ አፕት የሚል ስም ያለው ፎልደር ደግሞ የትኛው ፕሮግራም መቼ እንደተጫነና እንደተነሳ ሂስትሪ በተባለው ፋይል መዝግቦ ይይዛል። ሁለቱን ይላኩ። የስክሪኑን ፎቶ በቴሌግራም የሚልኩ ከሆነ ከታችኛው ጫፍ ሳይሆን ትእዛዙን ከጻፉበት መስመር ጀምሮ ያንሱት፤ የመጀመሪያው የኢ መስመር ያለው እዚያ ነው።